ካታሎግ ይዞ በር ማንኳኳት፦ ገቢ ነው ወይስ ዕዳ?

በዛሬው የሕይወት ክህሎት ትምህርታችን የምንወያየው ስለ ገንዘብ ነው። «ደግሞ ገንዘብና ኤች አይ ቪን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝና አብረን እናየዋለን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልደታ ማርያም አካባቢ የክበብ ውይይት ጨርሰን ስንወጣ፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች። ቦርሳዋን ከፍታ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው ካታሎግ አወጣች። ቅባት፣ ሽቶ፣ ሻምፑ፣ የጥርስ ሳሙና በሥዕል ተደርድሮበታል።

«ቲቸር፣ ይሄን ነገር ልተወው ፈልጌ መተው አቃተኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሯ ልጅ «በትርፍ ሰዓትሽ ብቻ እየሠራሽ የራስሽን ሳንቲም ታገኛለሽ» ብላ አስመዘገበቻት። የመመዝገቢያውን 1,200 ብር እናቷ ከእቁባቸው ሰጧት። ከዚያ የ4,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰደች። ስምምነቱ 20 በመቶ ኮሚሽን ነው፤ የሚከፈላት ግን የ4,000 ብሩን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ስታስገባ ብቻ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የ2,500 ብር ዕቃ ከእጇ ወጣ። በጥሬው የገባላት ግን 1,100 ብር ነበር፤ የቀረውን 1,400 ብር ጎረቤቶች «ደመወዝ ሲደርስ እሰጥሻለሁ» ብለው ይዘውታል። ከ1,100 ብሩም ላይ 200 ብር ለታክሲና ለስልክ ካርድ ወጥቷል። የ1,500 ብር ዕቃ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ያስመዘገበቻት ልጅ በየቀኑ ትደውላለች። እናቷ ምንም አያውቁም።

በዚህ መሀል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዕቃ የገዛት አንድ ጎልማሳ ጭንቀቷን አየና «ይቺን ዕዳሽን እኔ እዘጋልሻለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ብቻሽን ብቅ በይ» አላት።

እንግዲህ የገንዘቡ ጉዳይና የጤናው ጉዳይ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ወደ ልጅቷ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

ለመሆኑ የካታሎግ ሽያጭ ምንድን ነው?

ሱቅ ሳይከፍቱ፣ የዕቃውን ሥዕልና ዋጋ የያዘ መጽሔት ይዞ ከቤት ቤት እየዞሩ ትእዛዝ መቀበል፣ ከዚያም ዕቃውን አምጥቶ ማስረከብና ከሽያጩ ኮሚሽን ማግኘት ነው። በዓለም ላይ ስሙ ከሚነሣባቸው ድርጅቶች አንዱ ኤቮን ነው። ዴቪድ ማኮኔል የተባለ አሜሪካዊ መጽሐፍ እያዞረ ይሸጥ ነበር። ለገዢዎች ማበረታቻ ብሎ በነጻ የሚሰጠው ሽቶ ከመጽሐፉ ይልቅ እንደተወደደ ሲያይ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የሽቶ ድርጅት አቋቋመ። ሻጮቹም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው በ1920 እ.ኤ.አ. መሆኑን ስናስታውስ፣ ከዚያ ቀደም ብላ የራሷን ገንዘብ የምታገኝ ሴት መኖሯ ቀላል ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን። ስለዚህ ሥራው በራሱ ነውር የለበትም።

በእኛም አገር ቢሆን በር ለበር መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። ማስቲካ፣ ሶፍትና ባትሪ በካርቶን ደርድሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ልጅ «ሱቅ በደረቴ» እንለዋለን። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ የሚሰጠው ነጋዴ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ያልፋል። «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪ ከማጠሩ የተነሣ «ቆራሌው!» ሆኖ የቀረለት ነጋዴም አለ። ዛሬ ደግሞ ካታሎጉ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ጫማና ቦርሳ የሚሸጡ ተማሪዎች በየክፍሉ አሉ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው።

እስቲ ቆራሌውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። እኔ ከእሱ ሦስት ነገር ተምሬያለሁ። አንደኛ፣ ሒሳቡን የሚዘጋው እዚያው ነው፤ ገንዘብ ሰጥቶ ዕቃ ይቀበላል፣ የነገ ዕዳ አያስቀምጥም። ሁለተኛ፣ ዕቃውን አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ መዝኖ ነው ዋጋ የሚናገረው። ሦስተኛ፣ የሚጣራው ከመንገድ ላይ ሆኖ ነው፤ ባለቤቷ ትወጣለች እንጂ እሱ ጓዳ አይገባም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልኝ፤ የዛሬው ትምህርት ሁሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ነው?

አንድ ሰው «ሥራ አገኘሁልህ» ብሎ ካታሎግ ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን። መልሱ ከሁለት አንዱ ነው።

ሀ. ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃውን ፈልጎ ከሚገዛ ሰው ከሆነ ንግድ ነው። ያተርፋል አያተርፍም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ለ. ገንዘቡ የሚመጣው እናንተ ከምታስመዘግቡት ጓደኛ መመዝገቢያ፣ እሱም ከሚያስመዘግበው ሌላ ጓደኛ ከሆነ ዕቃው ሽፋን ነው። ይህ ፒራሚድ ይባላል።

ፒራሚድ ለምን እንደማያዋጣ ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። 1,000 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጀመረ እንበል። እያንዳንዱ 5 ሰው ማስመዝገብ አለበት። 1፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 125፣ ከዚያ 625። እስካሁን 781 ተማሪዎች ገብተዋል። የመጨረሻዎቹ 625 ልጆች ገንዘባቸውን ለማስመለስ 3,125 አዲስ ሰው ይፈልጋሉ። ከትምህርት ቤቱ ውስጥ የቀሩት ግን 219 ብቻ ናቸው! ከገቡት 100 ልጆች ውስጥ 80ዎቹ ከሥራቸው ማንም ሳይኖር ቀሩ ማለት ነው። ይኸው ስሌት ቢቀጥል በ12ኛው ዙር የሚፈለገው አዲስ ሰው ከኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጣል። ስለዚህ የሚከስሩት ሰነፎቹ አይደሉም፤ ዘግይተው የገቡት ናቸው። ዘግይተው የሚገቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቅርብ ጓደኞቻችን፣ እህት ወንድሞቻችን ናቸው።

ሕጉም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ «ግዛ ወይም ገንዘብ አዋጣ፣ ከዚያ በአንተ በኩል በሚገቡት ሰዎች ቁጥር ልክ ጥቅም ታገኛለህ» እየተባለ የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። በተጨማሪም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ከዕለት ተዕለት ጥቃቅን ጉዳዮች ያለፈ ውል በእሱ ስም የሚዋዋልለት ሞግዚቱ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ ነው። የ4,000 ብር ዕቃ በዱቤ ለመውሰድ የሚያስፈርማችሁ ሰው «ወላጅህ አያስፈልግም፣ ይህ በእኛ መካከል ይቅር» ካላችሁ፣ በዚያው ቅጽበት ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ውጡ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ

ንግዱ እውነተኛ ቢሆንስ? አሁንም እንደ ቆራሌው አንሥተን፣ ገልብጠን እንመዝነው። የሚከተለው ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት።

ቅዳሜ 4 ሰዓት ሙሉ ዞራችሁ 30 በር አንኳኳችሁ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው የ250 ብር ዕቃ አዘዙ። ጠቅላላ ሽያጩ 1,000 ብር፣ ኮሚሽናችሁ በ20 በመቶ 200 ብር ነው። ለትራንስፖርት 40 ብር፣ ለስልክ 20 ብር፣ ለናሙና 30 ብር አወጣችሁ። 110 ብር ቀራችሁ። ዕቃውን ለማምጣትና ለማድረስ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ሄዷል። 110 ብር ለ7 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 16 ብር ገደማ ይመጣል።

ይህ ሁሉም ሲከፍል ነው። አሁን ደግሞ ዕቃውን በ800 ብር ቀድማችሁ ገዝታችኋል፣ ከአራቱ አንዷ ግን «ይቅርብኝ፣ ባለቤቴ ተቆጣ» አለች እንበል። የተሰበሰበው 750 ብር ነው። ወጪው 800 ብርና የ90 ብር ልዩ ልዩ ነው። 140 ብር ጎደለባችሁ፤ በእጃችሁ የቀረው አንድ ሻምፑ ነው። አንዲት ገዢ ሐሳቧን ስለቀየረች ብቻ ትርፉ ኪሳራ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ «አታድርጉት» እያልኳችሁ አይደለም። ሰው ማናገር መልመድ፣ «አልፈልግም» ሲባሉ ፈገግ ብሎ ማለፍ፣ ደብተር መያዝ ትልቅ ክህሎት ነው። ለእስክሪብቶና ለሞዴስ የእናትን እጅ አለማየትም ክብር ነው። ግን ትርፉ በዚህ መጠን ቀጭን በሆነ ሥራ ላይ የዱቤ ዕቃ ከጫናችሁበት ይሰበራል።

በሩ ከተዘጋ በኋላስ?

ልደታን የሚያውቅ ሰው የድሮውን ሰፈር ያስታውሳል። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ ይኖር ነበር። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቃመሳል። ሱቅ በደረቴው ግቢ ሲገባ አሥር ዓይን ያየዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆምበት፣ ከጽዳቱና ከውሃው ጋር የተዘጋ በርም መጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ከኋላችሁ ከተዘጋ፣ ታች ያለው ዘበኛም ሆነ ጎረቤት ምን እንደምትሆኑ አያይም።

አብዛኛው በር የሚከፈተው በደግ ሰው ነው። ሆኖም የትኛው በር የማን እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ የቆራሌው ሦስተኛ ትምህርት እዚህ ይሠራል፦ የምንሸጠው ከደጅ ሆነን ነው። አገራችን እንግዳ «ግባ» የሚባልበት ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። ትሕትናን ሳንለቅ እምቢ ማለትን ግን መለማመድ ይቻላል።

«ነይ ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፣ ቡና ተፈልቷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እዚሁ በር ላይ ይሻለኛል። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ እየጠበቀችኝ ነው።»

ይህን ከጓደኞቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። በአፍ የለመደ ቃል በጭንቅ ጊዜ ይመጣል።

አሁን ወደ ኤች አይ ቪ እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል 0.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ይገኝ ነበር። በከተማ ግን ቁጥሩ 2.9 በመቶ ነበር። በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 በመቶ ነው። የሴቶቹ ለምን እጥፍ ሆነ? የሰውነት አፈጣጠር አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ዕድሜና ገንዘብ ነው። ዕዳ ያለባት ልጅና ዕዳዋን የሚከፍል ጎልማሳ እኩል አይነጋገሩም። «እንመርመር» ወይም «ኮንዶም እንጠቀም» ለማለት ድፍረቱን ዕዳው ይነጥቃታል። ወንዶችም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም፤ በገንዘብ የሚያባብል ሰው በወንዶች ልጆች ላይም ጥቃት ያደርሳል። የተገኘችውም ብር ቢራና ጫት ቤት ከገባች ሌላ በር ትከፍታለች።

ጥቃት ቢደርስ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ካታሎግ ይዞ በር ያንኳኳ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ያኔ ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይለውጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለማስረጃም ይጠቅማል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። የፖሊስ የነጻ ስልክ ቁጥር 991 ነው።

ልጅቷስ ምን አደረገች?

ወደ ጎልማሳው ቤት አልሄደችም። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ «ለእናትሽ ብቻሽን መንገር ከከበደሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ሄድን። እናቷ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ስለ 4,000 ብር ብለሽ ነው ሁለት ወር እንቅልፍ ያጣሽው?» ብለው ነጠላቸውን አነሡና ከእሷ ጋር ጎረቤት ዞሩ። ከ1,400 ብሩ 1,000 ብር ተሰበሰበ። ድርጅቱ ካልተከፈተው ዕቃ የ1,200 ብሩን መልሶ ተቀበለ። በእጇ ከነበረው 900 ብር ጋር 3,100 ብር ሆነ። የቀረውን 900 ብር በሦስት ወር 300፣ 300 እያደረጉ ዘጉት። መመዝገቢያው 1,200 ብር ግን አልተመለሰም። እናቷ በዚያ ዓመት በእቁቡ ሊገዙት ያሰቡትን ምጣድ አልገዙም።

ልጅቷ ዛሬም ትሸጣለች። አሁን ግን መጀመሪያ ትእዛዝና ገንዘብ ትቀበላለች፣ ከዚያ ዕቃውን ታመጣለች። ገቢዋ አነስተኛ ነው። ማታ ግን ስልኳ ሲጠራ አትደነግጥም።

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ የምትሏቸው

1. ለመመዝገብ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ላይ ተጠራጠሩ። ሥራ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።
2. በዱቤ ዕቃ አትውሰዱ። ትእዛዝና ክፍያ ይቅደም፣ ዕቃ ይከተል።
3. ያልተሸጠ ዕቃ እንደሚመለስ የሚገልጽ ጽሑፍ ወላጅ ባለበት ተቀበሉ።
4. ለሽያጭ የተለየ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ገዢ፣ ዕቃ፣ የተቀበላችሁት፣ ያወጣችሁት፣ የፈጀባችሁ ሰዓት።
5. ሁለት ሆናችሁ ዙሩ፤ የት እንደምትሄዱ ለቤተሰብ ንገሩ፤ ሲመሽ አቁሙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ይከለክላል። ኮሚሽን የሚሠራ ልጅ ተቀጣሪ ባይባልም ልኩን ከዚህ መውሰድ ይችላል።
6. ደጅ ቁሙ። በቴሌግራም የምትሸጡም ዕቃ የምታስረክቡት ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ በባቡር ጣቢያ በር ላይ፣ በቀን ይሁን።
7. ዕዳ ከገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለምታምኑት አዋቂ ተናገሩ። የተደበቀ ዕዳ «እኔ ልክፈልልሽ» የሚል ሰው ይጠራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በሰፈራችሁ በር ለበር የሚሸጡ ሰዎችን አስተውሉ። ከቆራሌው ሦስት ትምህርቶች የትኛውን ይሠሩበታል? የትኛውን ይጥሳሉ?

ለ. ጓደኛችሁ «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ፣ ካልተመዘገብክ ብሬ ይበላል» ቢላችሁ ጓደኝነቱን ሳታበላሹ ምን ትመልሱለታላችሁ? በጭውውት አሳዩ።

ሐ. የጽሑፉ ተማሪ ለእናቷ ሁለት ወር ያልነገረችው ለምንድን ነው? ቤታችሁ ውስጥ ስለ ገንዘብ መናገር ይቀላል ወይስ ይከብዳል?

ውድ ወጣቶች፣ ሠርቶ ማግኘት ያኮራል። ካታሎጉን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ደብተራችሁን ክፈቱ። ቸር ያቆየን!